የሕይወት ክለሳ ሕክምና በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች

የሕይወት ክለሳ ሕክምና አንድ አረጋዊ ከልጅነቱ እስከ ዛሬ ያሳለፈውን ዘመን ከሠለጠነ አድማጭ ጋር በቅደም ተከተል የሚያነሣበትና የሚመዝንበት የሥነ ልቦና ድጋፍ ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይካሄዳል። የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከተለመደው የትዝታ ጨዋታ የሚለየው መመዘኑ ነው። ትዝታ ያለፈውን ያነሣል፤ ክለሳ ግን ከዚያ አልፎ «ያ ነገር ምን አደረገኝ? ያኔ የሠራሁትን ዛሬ እንዴት አየዋለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ልዩነቱ ስለማይስተዋል፣ ክለሳ እንሰጣለን የሚሉ ቤቶች በተግባር የቡድን የትዝታ ጨዋታ ሲያካሂዱ ይታያሉ። ጨዋታውም ይጠቅማል፤ ግን ሌላ ሥራ ነው።

መነሻው

ያለፈውን ደጋግሞ የሚያወራ አረጋዊ ለረጅም ዘመን አእምሮው እንደደከመ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር ይህን አመለካከት ተቃወመ። ሞት መቃረቡን የተረዳ ሰው ያልተቋጩ ጉዳዮቹ ተመልሰው ይመጡበታል፤ ይህም በሽታ ሳይሆን ተፈጥሯዊ ሂደት ነው ሲል ጻፈ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በዚያው ጽሑፍ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሂደቱ በሰላም ላይጠናቀቅና በጸጸት፣ በድባቴ ወይም በተስፋ መቁረጥ ሊያበቃ ይችላል። ከእርሱ ቀደም ብሎ የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 የመጨረሻውን የዕድሜ ምዕራፍ ሕይወትን እንደነበረ በመቀበልና በተስፋ መቁረጥ መካከል የሚደረግ ትግል አድርጎ ገልጾት ነበር።

ሐሳቡን ወደ ተግባር ያወረደችው የነርሲንግ ምሁሯ ባርባራ ሄይት ናት። የጥያቄ መመሪያ አዘጋጀች፣ የቀጠሮዎቹን ቁጥርና ቅደም ተከተል ወሰነች፣ ከዚያም ውጤቱን ፈተሸች። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ወደ መንከባከቢያ ቤት አዲስ የገቡ 256 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ አንዳንዶቹ ክለሳ ሲያገኙ ሌሎቹን ሰው እየመጣ ያጫውታቸው ነበር። በ8ኛው ሳምንት በክለሳው ቡድን ድባቴ ቀንሶ ተገኘ፤ ከዓመት በኋላም ድባቴውና ተስፋ መቁረጡ የመቀነስ አዝማሚያ አሳይተዋል። ማነጻጸሪያው ባዶ ጊዜ ሳይሆን ወዳጃዊ ጨዋታ በመሆኑ ጥናቱ ለቤቶቹ ትልቅ ትርጉም አለው። ወደ እንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው ቤቱን፣ ጎረቤቶቹንና ዕቃዎቹን በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ሠራተኛው የሚያውቀው በክፍል ቁጥሩና በበሽታው ነው። ክለሳው ሊጠቅም የሚችለው በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት ነው፤ ድባቴው ሥር እስኪሰድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዝግጅት

ክለሳ የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ነው። ባትሪው ያለቀ የመስሚያ መሣሪያ፣ በሌላ ክፍል የተረሳ መነጽር፣ ያልተወሰደ የሕመም ማስታገሻ አንድን ሙሉ ቀጠሮ ያባክናሉ። ስለዚህ አድማጩ ከመቀመጡ በፊት እነዚህን ያረጋግጣል፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ የሚፈልግ እንደሆነም ይጠይቃል። ሰዓቱ ነዋሪው ንቁ የሚሆንበት ጊዜ ይሁን፤ ለብዙዎች ረፋዱ ይሻላል። ክፍሉን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋራ ከሆነ የተለየ ቦታ መፈለግ ግዴታ ነው፤ የጎረቤት አልጋ ላይ ጆሮ እያለ ማንም የልቡን አያወጣም። በሩ ላይ «እባክዎ አይግቡ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ተረኛ ነርሶችም አስቀድመው ይነገራቸዋል። ለቅሶ የጀመረ ሰው ፊት መድኃኒት የያዘች ነርስ ብትገባ የተከፈተው ነገር ዳግመኛ ላይከፈት ይችላል።

አድማጩ ከነዋሪው ዓይን ትይዩ ይቀመጣል፣ ከንፈሩ እንዲታይም ብርሃን በፊቱ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀጠሮ ያው ሰው መሆን አለበት፤ በተረኛ የሚቀያየር አድማጭ ይህን ሥራ አይሠራም። የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ነርስ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ የሚያማክረው ባለሙያ ግን ከጀርባው ያስፈልጋል። ስለ ምስጢር መጀመሪያውኑ ግልጽ ቃል ይገባል፦ የተነገረው ለቤተሰብም ለሠራተኛም አይተላለፍም፤ የሕይወት አደጋ ካለ ግን ለሐኪም ይነገራል።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ድባቴን መለካት ይገባል። ለአረጋውያን የተዘጋጀው 15 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» ስለሚመለስ አያደክምም፤ ከ5 በላይ ነጥብ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው። በቅርቡ የትዳር አጋሩን የቀበረ፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ፣ ወይም በጦርነትና በጥቃት ትዝታ የሚሠቃይ ሰው ወደ ክለሳ ከመግባቱ በፊት የሥነ አእምሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቀጠሮዎቹ

በ6 ቀጠሮ ሲሠራ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለልጅነትና ለጉርምስና፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ለጉልምስና፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለመመዘን ይሆናሉ። 8 ሲሆን መጀመሪያው ለመተዋወቅ፣ መጨረሻው ለመሰነባበት ይጨመራል። ነዋሪው ደካማ ከሆነ ሰዓቱን ወደ 30 ደቂቃ ማሳጠር ይቻላል፤ ቁጥሩን ግን አይቀንሱ።

ጥያቄዎቹ አጭርና ክፍት ናቸው፦ «ከሁሉ በፊት የሚያስታውሱት ነገር ምንድን ነው?»፣ «ልጅ ሳሉ ሲከፋዎት ወደ ማን ይሄዱ ነበር?»፣ «ኃላፊነት ትከሻዎ ላይ የወደቀው መቼ ነው?»። በድባቴ የተያዘ ሰው መልሱ ጥቅል ይሆናል፤ «ልጅነቴ ጥሩ ነበር» ብሎ ዝም ይላል። ያኔ አንድ ቀን መለመን ነው፦ «ከዚያ ዘመን አንዲት ቀን ይምረጡልኝ፤ ጠዋት ምን ሆነ?» ይህ እንዲሁ የጥያቄ ዘዴ ብቻ አይደለም። ጥቅል ትዝታ የድባቴ አንዱ መገለጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የስፔን ጥናት ለ4 ሳምንት የተወሰኑ ክስተቶችን የማስታወስ ልምምድ ያደረጉ አረጋውያን ድባቴያቸው ቀንሶ ታይቷል።

ሰው በብዛት የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው ያለውን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጉልምስናው ላይ ወሬው ሲሳሳ፣ አንድ ነገር ደብቆ ነው ብሎ መጠርጠር አይገባም። እዚያ ላይ ቀስ ማለት ይሻላል፤ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ በልብ እስከ 10 ቆጥሮ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ከሌላ ጥያቄ ይበልጥ ይሠራል።

የሕክምናው እምብርት ሁለቱ የመመዘኛ ቀጠሮዎች ናቸው። «ሕይወትዎን እንደገና ቢጀምሩት ምኑን ይለውጡ ነበር? ምኑንስ እንዳለ ይተዉት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። አድማጩ በየሳምንቱ የሰማውን መልሶ ያቀርባል፦ «በሦስተኛው ሳምንት ታናናሾችዎን ብቻዎን እንዳሳደጉ ነግረውኛል፤ ዛሬ ደግሞ ምንም አልሠራሁም አሉ። ሁለቱን እንዴት ያስታርቋቸዋል?» ፍርዱ የነዋሪው ነው፤ አድማጩ ማስረጃውን ብቻ ያቀርባል። ቀጠሮው ያለቀበት ቤት ልጅነትን አራት ሳምንት አውርቶ ለመመዘኛው ጊዜ ሲያጣ፣ በትለር ያስጠነቀቀበትን ቁስል ከፍቶ ሄደ ማለት ነው።

የሚበላሽበት ቦታ

በጣም የተለመደው ስሕተት ከደግነት ይመጣል። ነዋሪው የሞተበትን ልጅ ሲያነሣ አድማጩ «ይተዉት፣ አያልቅሱ» ይላል፤ ነዋሪው ደግሞ አድማጩን ላለማስጨነቅ ሲል ይተወዋል። ለቅሶ የክለሳ አካል ነው። ማቆም የሚያስፈልገው ሰውዬው ያንኑ ነገር በአንድ ዓይነት ቃል፣ ያንኑ ጥፋት በራሱ ላይ እየደጋገመ መውጫ ሲያጣ ነው። ያኔ «በዚያን ጊዜ ምን ምርጫ ነበረዎት? ሌላው ሰው ምን አደረገ?» ብሎ ዙሪያውን ማስፋት ይረዳል፤ ካልረዳ ወደ ባለሙያ ማስተላለፍ ነው።

ሌላው የቀንና የዓመት እርማት ነው። ዓላማው ታሪክ መመዝገብ ስላልሆነ ሠርጉ የዋለበት ዓመት ቢሳሳት ምንም አይጎድልም። ፎቶ ጠቃሚ ቢሆንም መጀመሪያ ላይ ከቀረበ ወሬውን ፎቶ በተነሣበት ቀን ላይ ይቸክለዋል፤ ፎቶ የሚነሣው ደግሞ ባብዛኛው በደስታ ቀን ነው። በመካከለኛዎቹ ሳምንታት የነዋሪው ስሜት ሊወርድ፣ እንቅልፉም ሊዛባ ይችላል። የሌሊት ተረኞች ይህን ቀድመው ካላወቁ የእንቅልፍ መድኃኒት ይጠይቁለታል፤ ማግስቱን ደግሞ ፈዝዞ ይውላል።

የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው አካሄዱ ይለወጣል። በሽታው ገና ቀላል ከሆነ በፎቶና በሚዳሰስ ዕቃ ተደግፎ መሥራት ይቻላል፤ ሲከብድ ግን መመዘኑን ትቶ በትዝታው ደስታ ላይ መቆየት ይሻላል። ያልጨበጠውን ዘመን እንዲመዝን መጠየቅ ያሸማቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የ22 ጥናቶች ግምገማ በዚህ በሽታ የትዝታ ሥራ ውጤት ባጠቃላይ አነስተኛና ያልተስተካከለ መሆኑን አሳይቷል፤ በኑሮ ጥራት በኩል የተሻለ ተስፋ የታየው በመንከባከቢያ ቤቶች ነው።

የሕይወት መጽሐፍ

ብዙ ቤቶች ክለሳውን በትንሽ መጽሐፍ ይቋጩታል፦ ጥቂት ገጾች፣ በትልቅ ፊደል፣ በነዋሪው ቃል የተጻፉ። ረቂቁ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል፤ ይውጣ ያለው ሁሉ ያለ ጥያቄ ይወጣል። በክለሳ የተነገረውና በመጽሐፉ የሚገባው አንድ አይደሉም፤ ቤተሰብ የማያውቀው ልጅ ወይም የድሮ ጠብ በመጽሐፉ ሊታይ የሚችለው በነዋሪው ግልጽ ፈቃድ ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ ማን እንደሚወስደው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጠይቆ በጽሑፍ መያዝ አለበት። ክለሳው ሳያልቅ ነዋሪው ካረፈ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው መልስ የሚሰጠው፤ ከሌለ ማስታወሻዎቹ ለቤተሰብ አይሰጡም።