የውርስና የሞግዚትነት ክርክር በሀዋሳ

በሀዋሳ የውርስ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሟች ሳይሞት ነው። አባት በስትሮክ አልጋ ሲይዝ ወይም እናት ልጆቿን መለየት ሲያቅታት «ካርታው ማን ጋ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከዚያ የባንክ ደብተሩና የቤት ኪራዩ ይከተላሉ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የወጣው በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ እኩያዋ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት እንደየአካባቢው ልማድና ፍትሐ ነገሥት ይሠሩ ነበር። ከተማዋ ስትቆረቆር በፒያሳና በመናኸሪያ ሰፈሮች ቦታ ይዘው ጭቃ ቤት የሠሩት ሰዎች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ቤቱ አርጅቶ ቦታው ግን እሳት ሆኗል።

በሕጉ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ እኩል ይወርሳሉ። ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም፤ የጋራ ንብረቱን ግማሽ ግን በራሷ መብት ትወስዳለች። ልጆች ይህን ሲያምታቱ እናትን ከቤቷ እስከ ማስወጣት ይደርሳሉ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል፤ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡና ይህም መጻፉ ግድ ነው። ስንቱ ኑዛዜ የወደቀው በዚህች አንድ መስመር ነው! «ቤቱን ለታናሿ ብለዋል» የሚለው የቃል ኑዛዜም አያስኬድም። በቃል መስጠት የሚቻለው ለአንድ ሰው እስከ 500 ብር ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከኖረም ይቀራል።

ሰውየው በሕይወት እያለ አእምሮው ከደከመ መንገዱ በፍርድ ማስከልከል፣ ማለትም ጉዳዩን በራሱ እንዳይፈጽም በፍርድ ቤት ማስወሰን ነው። ማመልከት የሚችሉት ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ከሪፈራል ሆስፒታል ይመጣል፤ ፍርድ ቤቱ ግን በወረቀት ብቻ አይወስንም፤ ሰውየውን ማየት አለበት። ዳኛው «አባቴ፣ ዛሬ ዕለቱ ማን ነው? ልጆችዎ ስንት ናቸው?» ይላሉ። ሽማግሌው ቀኑን ስተው የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ሲጠሩ ችሎቱ ጸጥ ይላል። መቅረብ ካልቻሉ ዳኛ ወይም ባለሙያ ሄዶ ያያቸዋል። ከተከለከሉ ለአካላቸው አሳዳሪ፣ ለንብረታቸው ሞግዚት ይሾማል። ሞግዚቱ ኪራይ ይሰበስባል እንጂ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ቤት አይሸጥም። ከክልከላ በኋላ አዲስ ኑዛዜ ማድረግ አይቻልም።

ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን ትቶ ወደ ውልና ማስረጃ ሮጦ ውክልና ያሠራል። ነገሩ እዚህ ላይ ይበላሻል። ውክልና ሰጪው ችሎታውን ሲያጣ፣ ሲሞትም፣ በመርህ ደረጃ ውክልናው ይቋረጣል። በሞተ ውክልና የተሸጠ ቤት ለዓመታት ያከራክራል።

ሽምግልናው ጠንካራ ነው፤ ሀዋሳም በዚህ አትታማም። በሲዳማ ባህል ጉዳዩ ለሶንጎ፣ ለሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ይቀርባል። ጭሜሳዎቹ፣ ማለትም ሽማግሌዎቹ፣ የሁሉንም ወገን ቃል በትዕግሥት ይሰማሉ፤ እውነቱ፣ ሀላሌው፣ እስኪወጣ አይቸኩሉም። በክርስቲያን ቤት ደግሞ አርባው ሳይወጣ ስለ ንብረት ማንሳት ነውር ነው። ሙስሊሞች ሁሉም ወገን ከተስማማ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። በድሮው ልማድ መሬት ለወንድ ልጅ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች በውርስ እኩል መብት ሰጥቷል። ልማዱ ቀርቷል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ይሁንና «ለሰላም ሲባል» ድርሻዋን ለወንድሟ የምትተው እህት አሁንም አትጠፋም።

ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ በኋላ ፍርድ ቤቶቹም በአዲሱ ክልል ሥር ተደራጅተዋል።

ጠበቃ ማቆም ለማይችል የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ከተማዋ ልትኮራበት የሚገባ ሥራ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቀኑን መቁጠር አለበት፦ የወራሽነት ጥያቄ፣ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መያዙን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ሊታገድ ይችላል።