በሞለኪውላዊ ዳይናሚክስ ትንተና የአቶሞች ንዑስ ስብስብ አመራረጥ

ሞለኪውላዊ ዳይናሚክስ የአቶሞችን እንቅስቃሴ በኒውተን ሕግ መሠረት ደረጃ በደረጃ በኮምፒውተር የሚያሰላ የምርምር ዘዴ ነው። ስሌቱ ሲያበቃ ተመራማሪው እጅ ላይ የሚቀረው የእያንዳንዱን አቶም መገኛ በተከታታይ ፍሬሞች (የቅጽበት ምስሎች) የመዘገበ ትራጀክተሪ የተባለ ፋይል ሲሆን፣ በውሃ የተከበበ ፕሮቲን ሲጠና በፋይሉ ውስጥ ካሉት አቶሞች የሚበዙት የፕሮቲኑ ሳይሆኑ የውሃው ናቸው። ስለዚህ ርቀትም ይለካ፣ የቅርጽ ለውጥም ይሰላ፣ አስቀድሞ የትኞቹ አቶሞች እንደሚቆጠሩ ለሶፍትዌሩ መንገር ያስፈልጋል። ይህ ተግባር የአቶም ምርጫ ይባላል። ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር የሚያልቅ በመሆኑ እንደ ዝግጅት ብቻ ይታያል፤ ነገር ግን ከትንተናው የሚወጣው ቁጥር ሁሉ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ መስመር ነው።

ማካሞን፣ ጌሊን እና ካርፕለስ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የፕሮቲን ዳይናሚክስ ስሌት ሲያሳትሙ የመረጡት ፕሮቲን 58 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነበሩት፤ በውሃም የተከበበ አልነበረም፤ የተከታተሉትም ጊዜ 10 ፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) አይሞላም። እንዲህ ባለ ሥርዓት አቶሞችን በተራ ቁጥራቸው መጥራት አያስቸግርም። ሥርዓቶቹ ወደ መቶ ሺዎችና ከዚያም በላይ ወደሆኑ አቶሞች ሲያድጉ ግን በቁጥር መጥራት አዳጋች ሆነ፣ የምርጫ ቋንቋዎችም አስፈላጊ ሆኑ። ቻርም የተባለው የስሌት ፕሮግራም፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 በጽሑፍ የተዋወቀው የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም ቪኤምዲ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ኤምዲአናሊሲስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ግሮማክስ የተባለው ሌላው የስሌት ፕሮግራም በበኩሉ የአቶም ቁጥሮችን በስም በተለዩ ቡድኖች የሚይዝ የኢንዴክስ ፋይል ይጠቀማል፤ ከዚህ ጎን ለጎንም የራሱ የምርጫ ቋንቋ አለው።

የቋንቋዎቹ መሠረት ተመሳሳይ ነው። አቶም በስሙ፣ በሚገኝበት አሚኖ አሲድ ስም ወይም ቁጥር፣ በሰንሰለቱ ይጠራል፤ እነዚህ መግለጫዎች ደግሞ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» በሚሉ የሎጂክ ቃላት ይያያዛሉ። እዚህ ላይ የዕለት ንግግራችን ያሳስታል። «ውሃና አዮኖችን ምረጥ» ስንል ሁለቱንም በአንድነት ማለታችን ነው፤ ለሶፍትዌሩ ግን «እና» ማለት ሁለቱንም መግለጫዎች በአንድ ጊዜ የሚያሟላ አቶም ማለት ነው፤ ውሃም አዮንም የሆነ አቶም ስለሌለ የሚመለሰው ባዶ ስብስብ ይሆናል። ትክክለኛው ማያያዣ «ወይም» ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሹት በርቀት ላይ የተመሠረቱ ምርጫዎች ናቸው። አንድ ሰው ከፕሮቲኑ በ3.5 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው) ክልል ውስጥ ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎች ሲጠይቅ መልሱ በየፍሬሙ ይለያያል፤ ውሃ ይገባል፣ ይወጣልና። በቪኤምዲ የተፈጠረ ምርጫ ፍሬሙ ቢቀየርም በራሱ አይታደስም፤ እንዲታደስ በግልጽ መታዘዝ አለበት። በኤምዲአናሊሲስም ልማዱ ቋሚ ምርጫ ሲሆን፣ የሚታደስ ቡድን የሚገኘው ሲፈጠር እንዲያ ተብሎ ከተጠየቀ ብቻ ነው። ቋሚው ምርጫ ስህተት አይደለም። በመጀመሪያው ፍሬም በአቅራቢያ የነበሩት የውሃ ሞለኪውሎች ወዴት እንደሄዱ ለሚጠይቅ ሰው የሚያስፈልገው እሱ ነው። በፕሮቲኑ ዙሪያ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ለሚጠይቅ ሰው ግን የሚታደሰው ምርጫ ይገባዋል። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ግን ለየትኛውም ቢሆን ያለ ምንም ቅሬታ ቁጥር ይሰጣል፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የሚመሳሰሉ ቃላት ከፕሮግራም ፕሮግራም የተለያየ ነገር ማለታቸው ሌላው ችግር ነው። በቪኤምዲ «ዊዝን» የሚለው ቃል ማጣቀሻ የሆኑትን አቶሞች ራሳቸውን ጨምሮ ሲመልስ፣ የኤምዲአናሊሲሱ «አራውንድ» እነሱን ያስቀራል። ቪኤምዲና ኤምዲአናሊሲስ ርቀትን በአንግስትሮም ሲለኩ ግሮማክስና ሌላው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ኤምዲትራጅ በናኖሜትር ይለካሉ፤ ስለዚህ ከፊተኞቹ ወደ ኋለኞቹ ሳይለወጥ የተወሰደ «5» ርቀቱን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። የ«ባክቦን»፣ ማለትም የፕሮቲኑ ሰንሰለት አከርካሪ፣ ነገር ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። በግሮማክስ ነባር ቡድኖች ውስጥ ይህ ስም ከእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ናይትሮጅኑን፣ አልፋ ካርቦኑንና የካርቦኒል ካርቦኑን፣ በድምሩ ሦስት አቶሞችን ይይዛል፤ ኤምዲአናሊሲስ ግን ኦክስጅኑን ጨምሮ አራት ይወስዳል። በሁለቱ የተሰላ የቅርጽ ልዩነት መጠን ስለዚህ እኩል ይወጣል ተብሎ አይጠበቅም። «ፕሮቲን» የሚለው ቃል እንኳ በኤምዲአናሊሲስ የሚታወቀው በተመዘገቡ የአሚኖ አሲድ ስሞች ዝርዝር ነው፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስም የተሰጠው የተሻሻለ አሚኖ አሲድ ሳይታወቅ ይቀራል። ቪኤምዲ ግን የአከርካሪውን አቶሞች ስም አይቶ ይወስናል።

የፋይል ቅርጽም የራሱን ወጥመድ ያስቀምጣል። የሞለኪውል መዋቅር በሚቀመጥበት ፒዲቢ በተባለው የጽሑፍ ፋይል አልፋ ካርቦንና የካልሲየም አዮን ሁለቱም «ሲኤ» ተብለው ይጻፋሉ፤ የሚለያቸው ስሙ የሚጀምርበት ዓምድ ብቻ ነው፤ ብዙ አንባቢ ፕሮግራሞች ደግሞ ክፍት ቦታውን ይጥሉታል። በዚሁ ቅርጽ ለአሚኖ አሲድ ወይም ለሞለኪውል ቁጥር የተመደበው ቦታ አራት አኃዝ ብቻ ስለሆነ ከ9,999 በኋላ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። በመሆኑም ቁጥር 50ን የጠየቀ ሰው ከሚፈልገው አሚኖ አሲድ ጋር የውሃ ሞለኪውሎችንም ሊያገኝ ይችላል።

ቀላሉ መፈተሻ የተመረጡትን አቶሞች መቁጠር ነው። 58 አሚኖ አሲዶች ካሉት ፕሮቲን 58 አልፋ ካርቦኖች መገኘት አለባቸው፤ 59 ከመጣ ካልሲየም፣ 57 ከመጣ ስሙ ያልታወቀ አሚኖ አሲድ ይጠረጠራል። ቆጠራ የማይደርስበት ግን የአቶሞቹ ቅደም ተከተል ነው። ሁለት መዋቅሮች ሲነጻጸሩ የአንዱ የመጀመሪያ አቶም ከሌላው የመጀመሪያ አቶም ጋር፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር ይጣመራል፤ በተለያየ ፕሮግራም የተዘጋጁ ፋይሎች አቶሞቹን በተለያየ ተራ ካስቀመጡ ብዛቱ እኩል ሆኖ ጥንዶቹ ይዛባሉ። ይህን የሚያጋልጠው የሁለቱን ምርጫዎች የአቶም ስሞች ጎን ለጎን አትሞ መስመር በመስመር ማየት ነው።