ኮሄይ ኡቺሙራ፦ ስምንት ዓመት ያልተሸነፈው ጂምናስት

ከ2009 እስከ 2016 ድረስ በወንዶች ጂምናስቲክ ትልቁ ማዕረግ ከአንድ ሰው እጅ አልወጣም። በእነዚያ ዓመታት ስድስት የዓለም ሻምፒዮናዎችና ሁለት ኦሊምፒኮች የጥቅል ውድድር አካሂደዋል። ስምንቱንም ያሸነፈው ጃፓናዊው ኮሄይ ኡቺሙራ ነው። የአገሩ ሰዎች "ኪንግ ኮሄይ" ይሉታል። ብዙ የስፖርቱ ሰዎች ከእሱ የሚበልጥ ወንድ ጂምናስት አልታየም ብለው ያምናሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጥቅል ውድድር ማለት አንድ ሰው በአንድ ቀን ስድስቱንም መሣሪያ ሠርቶ ነጥቡ የሚደመርበት ነው። ወለል፣ እጀታ ያለው ፈረስ፣ ቀለበት፣ ዝላይ፣ ትይዩ ዘንጎች፣ በመጨረሻም አግዳሚ ዘንግ። ችግሩ እነዚህ ስድስቱ የሚፈልጉት አካል አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ቀለበት ወፍራም ክንድና ደረት ይፈልጋል። ፈረሱ ላይ ግን ክብደት ጠላት ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ምትና ትዕግሥት ነው። ወለልና ዝላይ የእግር ኃይል ይጠይቃሉ። አግዳሚ ዘንግ ከመሬት 2.8 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እሱን ለቆ አየር ላይ ተገለባብጦ እንደገና መያዝ ድፍረት ይጠይቃል። ለዚህ ነው አብዛኛው ጂምናስት በአንድ ወይም በሁለት መሣሪያ ጎበዝ ሆኖ በሌላው የሚቸገረው።

ነጥብ አሰጣጡንም መረዳት ያስፈልጋል። ድሮ ፍጹም ሥራ 10 ያገኝ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ግን ነጥቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ የሥራውን ክብደት ይመዝናል፤ ከባድ እንቅስቃሴ በተጨመረ ቁጥር ያድጋል፣ ጣሪያም የለውም። ሌላው አሠራሩን ይመዝናል፤ ከ10 ተነስቶ እያንዳንዱ ጉድለት ይቀነስበታል። ጉልበት ትንሽ ከታጠፈ 0.1 ይሄዳል። የወደቀ ሰው 1 ሙሉ ነጥብ ያጣል። ይህ ደንብ ሲመጣ ብዙዎች የሠጉት ስፖርቱ ውበቱን አጥቶ የከባድ ትርኢት ውድድር ብቻ ይሆናል ብለው ነው። ኡቺሙራ ለዚህ ስጋት የተሰጠ መልስ ሆነ። ከባዱን ሠራ፣ ግን እግሮቹ እንደተገጠሙ፣ ጣቶቹ እንደተሳሉ፣ ሲያርፍም ንቅንቅ ሳይል። በእሱ ዘመን ሌላ ሰው በከባድነት ሊበልጠው ይችል ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ስድስት መሣሪያ መዝለቅ የቻለ ግን አልነበረም።

የተወለደው በጥር 3 ቀን 1989 በኪታክዩሹ ከተማ ነው። ያደገው ናጋሳኪ አውራጃ ውስጥ በምትገኘው ኢሳሃያ ነው። አባቱም እናቱም ጂምናስቶች ነበሩ። በ1992 ኢሳሃያ ውስጥ የራሳቸውን የጂምናስቲክ ክለብ ከፈቱና ልጁ በሦስት ዓመቱ እዚያው ጀመረ። ለልጁ ቤትና ማሠልጠኛ አንድ ነበሩ። ትራምፖሊን ላይ ሲነጥር ነው የዋለው ማለት ይቻላል። በኋላ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደንቅለት ነገር፣ ማለትም አየር ላይ እየተሽከረከረ የት እንዳለ በትክክል ማወቁ፣ ከዚያ የመጣ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ግን ከመጀመሪያው ኮከብ አልነበረም። በመጀመሪያው የልጆች ውድድሩ ከመጨረሻ ነው የወጣው።

በ15 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ቶኪዮ ገባ። ምክንያቱ ናኦያ ጹካሃራ ነው። ጹካሃራ በ2004 አቴንስ ላይ በቡድን ወርቅ ካገኙት አንዱ ሲሆን ኡቺሙራ በጣም ያደንቀው ነበር። አባቱ ሚትሱኦ ጹካሃራም በ1970ዎቹ በአግዳሚ ዘንግ አወራረዱ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ነው። ልጁ ከጣዖቱ ጋር በአንድ አዳራሽ ለመሠልጠን ብሎ ወላጆቹን ትቶ ሄደ። ከዚያ የኒፖን ስፖርት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነ። በ2007 ብሔራዊ ቡድን ገባ።

የገባበት ቡድን ቀላል ታሪክ ያለው አይደለም። ጃፓን ከ1960 ሮም እስከ 1976 ሞንትሪያል ድረስ አምስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የወንዶች ቡድን ወርቅ ወስዳለች። የእኛ አበበ ቢቂላ ድል ያደረገባቸው ሁለቱ ኦሊምፒኮች፣ ሮምና ቶኪዮ፣ ለጃፓን ጂምናስቲክም የወርቅ ዘመን መጀመሪያ ነበሩ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ዩኪዮ ኤንዶ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ የጥቅል ወርቅ አመጣ። ሳዋኦ ካቶ በ1968ና በ1972 ደገመው። ኮጂ ጉሺኬን በ1984 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ድርቅ ሆነ። ለ24 ዓመት አንድ ጃፓናዊ እንኳ በኦሊምፒክ ጥቅል ውድድር ሜዳሊያ አላገኘም።

ድርቁን የሰበረው የ19 ዓመቱ ኡቺሙራ ነው፤ 2008 ቤጂንግ ላይ። በፍጻሜው ሁለተኛ መሣሪያ ከፈረሱ ወደቀና ወደ ሠንጠረዡ ግርጌ ወረደ። ሌላ ወጣት ቢሆን ቀኑ አበቃ ብሎ ይተወው ነበር። እሱ ግን በቀሩት አራት መሣሪያዎች አንድ በአንድ እየለቀመ ወጣ። በመጨረሻ ከቻይናው ያንግ ዌይ ቀጥሎ የብር ባለቤት ሆነ። ከቡድኑ ጋርም ብር አገኘ።

ከዚያ መሸነፍ ቀረ። በ2009 ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ከሁለተኛው የራቀው ከ2 ነጥብ በላይ ነው። በ2010 ሮተርዳም ላይ ደገመ። በ2011 ደግሞ በአገሩ ዋና ከተማ ቶኪዮ ላይ ሦስተኛውን አሸነፈ። ከእሱ በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ወንድ አልነበረም። የዚያ ቀን ልዩነት እስካሁን ይገርመኛል። ሁለተኛ የወጣውን ጀርመናዊ ፊሊፕ ቦይን በ3.101 ነጥብ በለጠው። በዚህ ስፖርት ሰው የሚሸነፈው በአሥረኛና በመቶኛ ነው። በስሌት ካየነው፣ ኡቺሙራ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ቢወድቅ እንኳ ወርቁ የእሱ ነበር።

2012 ለንደን ኦሊምፒክ ግን እንደተጠበቀው ቀላል አልሆነለትም። በማጣሪያው ተሳሳተ። በቡድን ፍጻሜ ደግሞ የመጨረሻው መሣሪያ ፈረሱ ነበር፤ አወራረዱ ተበላሸ። መጀመሪያ በወጣው ውጤት ጃፓን አራተኛ ሆነች። ጃፓኖች አቤት አሉ፣ ዳኞች መልሰው አዩትና ነጥቡ ተስተካከለ፤ ቡድኑ ወደ ብር ከፍ አለ። ብሩ ያንን ቡድን አላስደሰተም። ከሁለት ቀን በኋላ በጥቅል ውድድር ኡቺሙራ 92.690 አምጥቶ የሚመኘውን ወርቅ አገኘ። በወለል ደግሞ ብር ጨመረ።

ይህን ሁሉ አግኝቶም የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ የቡድን ወርቅ። ለብቻው ካሸነፈው ይልቅ ከጓደኞቹ ጋር የሚቆምበትን መድረክ ይፈልግ ነበር፤ ይህንንም ደጋግሞ በአደባባይ ተናግሯል። ቻይና ግን መንገዱን ዘግታለች። በ2014 የዓለም ሻምፒዮና ናኒንግ ላይ ጃፓን እስከ መጨረሻው እየመራች ሄዳ በ0.1 ነጥብ ተሸነፈች። አንድ ትንሽ የጉልበት መታጠፍ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ግላስጎው ላይ ግን ሆነ። ጃፓን ከ1978 ወዲህ የመጀመሪያውን የዓለም የቡድን ወርቅ ወሰደች። እሱም እዚያው ስድስተኛውን የዓለም የጥቅል ወርቅና የአግዳሚ ዘንግ ወርቅ ጨመረበት።

2016 ሪዮ። መጀመሪያ ላይ ስሙ በዜና የወጣው በጂምናስቲክ አልነበረም። ብራዚል ልምምድ ላይ እያለ በስልኩ ፖኬሞን ጎ ሲጫወት ቆይቶ 500 ሺህ የን ገደማ ቢል መጣበት! የስልክ ኩባንያው በኋላ ሂሳቡን ወደ ዕለታዊ ጥቅል ቀየረለት። ውድድሩ ሲጀመርም ነገሩ አላማረም። በማጣሪያው ከአግዳሚ ዘንግ ወደቀ፣ ጃፓንም አራተኛ ሆና ነው ያለፈችው። በፍጻሜው ግን ቡድኑ ተለወጠ። ኡቺሙራ ስድስቱንም መሣሪያ ሠራ። ጃፓን ሩሲያንና ቻይናን ከ2 ነጥብ በላይ በልጣ ከ2004 ወዲህ ያላየችውን ወርቅ አነሳች።

የጥቅሉ ፍጻሜ ከሁለት ቀን በኋላ ነሐሴ 10 ነበር። ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ የሆነ ምሽት። የዩክሬኑ ኦሌግ ቬርንያየቭ አምስት መሣሪያ ድረስ በ0.901 ይመራል። የቀረው አግዳሚ ዘንግ ብቻ ነው። ኡቺሙራ ቀድሞ ወጣ። ያ ቀን በአምስት ቀን ውስጥ ስድስቱን መሣሪያ ለሦስተኛ ጊዜ የሚዞርበት ነበር፤ ይኸኛው አሥራ ስምንተኛ ሥራው ነው። ወገቡን እያመመው ነው። ሠራው፣ ወረደ፣ ሲያርፍ እግሩ አልተንቀሳቀሰም። 15.800። ቬርንያየቭ ቀጠለ፤ ሲያርፍ ትንሽ ዘለለ። 14.800። ድምሩ 92.365 ለ92.266 ሆነ። ልዩነቱ 0.099 ነው።

በጋዜጣዊ መግለጫው አንድ ጋዜጠኛ ዳኞች አድልተውልህ ይሆን ወይ ብሎ ኡቺሙራን ጠየቀው። መልስ የሰጠው ተሸናፊው ቬርንያየቭ ነው። ጥያቄው ዋጋ እንደሌለው፣ ነጥቡም ትክክለኛ እንደሆነ ፊት ለፊት ተናገረ። ወርቅ ከእጁ ካመለጠ ገና ሰዓታት ያልሞላው ሰው እንዲህ ማለቱ የሁለቱንም ሰዎች ልክ ያሳያል። ኡቺሙራ በኦሊምፒክ ጥቅል ወርቅ በተከታታይ በማሸነፍ ከካቶ ወዲህ የመጀመሪያው ሆነ። በመካከል 44 ዓመት አልፏል።

ከሪዮ በኋላ ኮናሚ ከሚባለው የኩባንያ ክለብ ለቀቀና በጃፓን የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ጂምናስት ሆነ። እዚያ አገር ጂምናስቶች በዩኒቨርሲቲ ወይም በኩባንያ ሥር ነው የሚኖሩት። እሱ የፈለገው ስፖርቱ ሰፊ ተመልካች እንዲያገኝ፣ ልጆችም ጂምናስት ሆኖ መኖር እንደሚቻል እንዲያዩ ነበር።

የድል ሰንሰለቱ የተቆረጠው በ2017 የዓለም ሻምፒዮና ሞንትሪያል ላይ ነው። በሌላ ሰው ተሸንፎ ሳይሆን በማጣሪያው ከዝላይ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ። እስከዚያ ድረስ በአገር ውስጥም በውጭም 40 የጥቅል ውድድሮችን ተራ በተራ አሸንፎ ነበር። ከ2008 እስከ 2017 አሥር ተከታታይ የጃፓን ሻምፒዮናዎችም የእሱ ናቸው። በ2018 ዶሃ ላይ በአግዳሚ ዘንግ ብር፣ በቡድን ነሐስ አገኘ። ከዚያ ትከሻዎቹ እምቢ አሉ። በ2019 ብሔራዊ ቡድን ውስጥ እንኳ አልነበረም።

ለእኔ የዚህ ሰው ታሪክ ከባዱ ክፍል እዚህ ነው። ስድስቱን መሣሪያ ካልሠራሁ ጂምናስት አይደለሁም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በ2020 ግን አምስቱን ተወና ለአግዳሚ ዘንግ ብቻ ተዘጋጀ። ኦሊምፒኩ ቶኪዮ ላይ ነው፣ መቅረት አልፈለገም። ወረርሽኙ አንድ ዓመት አዘገየው። የመጨረሻዋን ቦታ ለማግኘትም ከአንድ የዝላይ ስፔሻሊስት ጋር ነጥቡ እኩል ሆኖ በማለያ ደንብ ነው ያለፈው። ሐምሌ 24 ቀን 2021፣ ተመልካች በሌለበት አዳራሽ፣ በ32 ዓመቱ ወጣ። የፈራው ከባዱ እንቅስቃሴ ተሳካለት። በኋላ ግን በሌላ እንቅስቃሴ ላይ ዘንጉ ከእጁ አመለጠውና ወደቀ። 13.866 ነው ያገኘው፤ ከማጣሪያው አላለፈም። በዚያው ኦሊምፒክ የ19 ዓመቱ ዳይኪ ሃሺሞቶ የጥቅሉንም የአግዳሚ ዘንጉንም ወርቅ ወሰደ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት የዓለም ሻምፒዮና በተወለደባት ከተማ በኪታክዩሹ ተካሄደ። ኡቺሙራ በአግዳሚ ዘንግ ፍጻሜ ስድስተኛ ወጣ። ሜዳሊያ የለም፤ ግን ሲወርድ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አረፈ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ጥር 2022 ላይ መሰናበቱን አሳወቀ። የሰበሰበው 7 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው፤ 3ቱ ወርቅ፣ 4ቱ ብር። ከዓለም ሻምፒዮና ደግሞ 21፤ ከነዚህ 10ሩ ወርቅ። በተናጠል መሣሪያ ሜዳሊያ ያገኘው በወለል፣ በትይዩ ዘንጎችና በአግዳሚ ዘንግ ብቻ ነው። በፈረስ፣ በቀለበትና በዝላይ ሜዳሊያ ባያገኝም ደካማ የሚባል መሣሪያ አልነበረውም።

መጋቢት 12 ቀን 2022 ቶኪዮ ውስጥ የስንብት ዝግጅት ተደረገለት። ለዝግጅቱ አንድ መሣሪያ ብቻ ቢሠራ ማንም አይቀየመውም ነበር። ትከሻው አሁንም ያመዋል፣ ቁርጭምጭሚቱም እንደዚያው። የሪዮ ጓደኞቹን አብረውት እንዲወጡ ጠራ። ከዚያ ስድስቱንም ሠራ።