የእግር መንገድ ጎርፍ መቀልበሻ ምንድን ነው?

በነሐሴ መጨረሻ ከሮብ ገበያ ወይም ከድጎ ጽዮን ተነስቶ ወደ ጎጃሙ ጮቄ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚያማርረው ጭቃውን ነው። መንገዱን የሚበላው ግን መንገዱን ተከትሎ የሚወርደው ውሃ ነው። እግርና ኮቴ የጠቀጠቀው አፈር ዝናብ አያሰርግም፤ ውሃው መንገዱ ላይ ተጠራቅሞ ቁልቁል ሲፈጥን መሃሉን ይቦረቡረዋል። ያን ጊዜ ሰውም ጋማ ከብትም ዳር ዳሩን ይይዛል፣ ሣሩ ተረግጦ ከጎን ሌላ መንገድ ይወጣል፣ እሱም በተራው ቦረቦር ይሆናል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ጎርፍ መቀልበሻ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ወደ ጎን የሚያስወጣው፣ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ የድንጋይ ወይም የአፈር መስመር ነው። ከክትር ጋር አይምታታ፦ ክትር ውሃ አግዶ ደለል ይይዛል፤ መቀልበሻ ውሃውን ከነደለሉ ያሳልፋል።

ዋናው ነገር ሰያፉ ነው። ስፋቱ 1 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ የመውጫው ጫፍ ከመነሻው ጫፍ 1 ሜትር ያህል ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል፤ 45 ዲግሪ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው መንገዱን ቀጥ አድርጎ ይዘጋዋል። እንዲህ ሲሆን ውሃው እዚያው ይቆማል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ቦይ ከሞላ በኋላ ጎርፉ ከላይ ይዘላል። ሰያፉ ከበዛ ደግሞ ውሃው ፈጥኖ የድንጋዩን ሥር ይቆፍራል።

ድንጋዩ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው 20ው ይቀበራል። ጫፍና ጫፋቸው ይደራረብ፤ ክፍተት ከቀረ ውሃ ይሾልካል። መስመሩ በሁለቱም በኩል ከመንገዱ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፣ አለዚያ በቅሎዋ በጫፉ ዞራ ታልፋለች፣ ውሃውም ዱካዋን ይከተላል። የባሕር ዛፍ ግንድ ሥራው ይቀላል፣ ግን ሲርስ ያንሸራትታል፣ ይበሰብሳልም። አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ቆርጦ መሥራትማ ነውር ነው። የጭነት ከብት በሚበዛበት የገበያ መንገድ ሰፋ ያለ የአፈር ሥርጉድ ከድንጋይ ይሻላል።

በ10 ሜትር ርቀት 1 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት በየ25 ሜትሩ ገደማ፣ 2 ሜትር በሚወርደው በየ12 እስከ 15 ሜትሩ ይሠራል። መውጫው ሣር ወይም ድንጋያማ ቦታ ላይ ያርፍ። ጎረቤታሞች በፈሰስ ውሃ እንደሚጣሉ የጎጃም ገበሬ ያውቃል፤ ማሳው ላይ ጎርፍ የተለቀቀበት ሰው መውጫውን ቢደፍነው አይፈረድበትም።

ለጥገና ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል። አፈሩ ለዶማ ይመቻል፣ ውሃው በየት እንዳመለጠም በዓይን ይታያል። በጋው ሲገባ የታችኛው ጥቁር አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ዶማ እሺ አይልም። ላይ፣ ከጓሳ ሣሩና ከጅባራ ተክሉ አካባቢ ደግሞ የተራቆተውን አፈር ውርጭ ሌሊት ያነሳዋል፣ ፀሐይ ሲያቀልጠው ልል ሆኖ ይቀራል።

ቦዩ እስከ ግማሹ በደለል ከተሞላ ይጠረጋል። የወጣው ደለል ከመቀልበሻው በታች ተደልድሎ በደንብ ይጠቀጠቅ፤ ከላይ በኩል ከተጣለ በመጀመሪያው ዝናብ ይመለሳል። ሲያበቃ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከላይ አፍስሶ ማየት ነው፦ ውሃው ካቆረ መውጫው ገና ይቆፈራል።

ሜዳማ ረግረግ ላይ መቀልበሻ አይረዳም፣ ውሃው የሚሄድበት ቁልቁለት የለምና። እዚያ ሰፋፊ መርገጫ ድንጋይ በእርምጃ ልክ መደርደር ይሻላል።