የግርጌ ማስታወሻ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ አፄ ምኒልክ ዘመን በተነሣ ክርክር አንድ አስተያየት ሰጪ «ጽሑፉ ከመቶ በላይ የግርጌ ማስታወሻ አለው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ሁሉንም ዝም አሰኛቸው። ይቺን አባባል መስማት ታክቶኛል። ተማሪዎች ይሏታል። አንዳንድ ፈታኝም ይላታል።

ወንድሜ፣ የግርጌ ማስታወሻ ማስረጃ አይደለም። ከገጹ ሥር በቁጥር የሚሰፍር፣ ማስረጃው የት እንዳለ የሚጠቁም አድራሻ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ እንዴት እንደምንነጋገር የታወቀ ነው። የቤት ቁጥር ማን ያስታውሳል? «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ፋርማሲውን እንዳለፍክ፣ አረንጓዴ በር» ነው የምንባባለው። ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሄደው ሲያንኳኩ ነው። መቶ አድራሻ የጻፈ ሰው መቶውም ቤት ገብቷል ማለት አይደለም። የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ ጽፎ ገጹን የሚተወው ደግሞ «ቤቱ ኮልፌ ነው» ብሎ ስልኩን ጆሮህ ላይ እንደሚዘጋ ሰው ነው። ኮልፌ እኮ ሰፊ ነው።

ይህ ግን ቀላሉ ጥፋት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ያልረገጠውን ቤት ትናንት እዚያ ያደረ አስመስሎ የሚጠቁመው ነው።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉትን የምኒልክ ዜና መዋዕል እንውሰድ። አማርኛው አዲስ አበባ ላይ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳይኛ ትርጉሙ ግን ብዙ ቀድሞ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ ፓሪስ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ቀደም ያሉ የውጭ ተመራማሪዎች የሚሰጡት የፈረንሳይኛውን ገጽ ነው። ተማሪው የእነሱን ሥራ ያነባል። ሐሳቡን ይወስዳል፣ የገጹን ቁጥር ይወስዳል፣ ርዕሱን ግን በአማርኛው ይቀይረዋል፤ ራሱ ያነበበ እንዲመስል። የተባለው ገጽ በአማርኛው ሲገለጥ ስለ ሌላ ጉዳይ ያወራል። ተነቃ!

ይባስ ብሎ ያንኑ ቁጥር ሌሎች ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ይገለብጡታል። ያኔ አስተያየት ሰጪያችን ከች ይልና «በአራት ምንጭ የተረጋገጠ ነው» ይላል። አራቱም የሚወስዱት ወደ አንድ በር ነው፤ እሱም የጎረቤት በር ነው።

መፍትሔው አያሳፍርም። ዋናውን ካላየኸው «በእገሌ ውስጥ እንደተጠቀሰው» ብለህ የእገሌን ገጽ ስጥ። ይህን መጻፍ ውርደት የሚመስለው ሰው ብዛት ይገርመኛል።

እሺ፣ ቤቱ ተገኘ እንበል። ባለቤቱም ወጥቶ አነጋገረን። የነገረን ሁሉ እውነት ነው? ገብረ ሥላሴ የንጉሡ የራሳቸው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሩ። ስለ ጌታቸው ሲጽፉ አድምቀው የሚያወሩትና በዝምታ የሚያልፉት ነገር ቢኖር አይገርምም። ገጹ ልክ፣ ጥቅሱም ልክ ሆኖ ድምዳሜው ገደል ሊገባ ይችላል። የግርጌ ማስታወሻ ከዚህ አያድንም። የሚጠቅመው አንባቢው ራሱ ሄዶ አይቶ፣ ካስፈለገም ጸሐፊውን እንዲሞግት ነው።

«ጠቅሻለሁ እኮ!» ለሚሉትም አንድ ቃል። ሙሉ አንቀጽ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ገልብጦ መጨረሻው ላይ ቁጥር ጣል ማድረግ ከስርቆት ነፃ አያወጣም። ቁጥሩ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ቃላቱም የሌላ ሰው መሆናቸውን አይናገርም።

አሁን ደግሞ ጭራሽ የሌለ ቤት አድራሻ መጥቷል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አቀረቡ። 5,000 ዶላር ተቀጡ። አጠቃቀሱ ሲታይ ግን እንከን አልነበረውም።

ማስታወሻው ከገጹ ግርጌ ይሁን ወይስ ከመጽሐፉ መጨረሻ የሚለውን ክርክር ለአሳታሚዎች ትቼዋለሁ። እኔ ግን ከስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ከዴቪድ ሂዩም ጋር ነኝ። በ1776 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ የኤድዋርድ ጊበን የሮም ታሪክ የመጀመሪያ ቅጽ ማስታወሻዎቹ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ሂዩም እስከዚያ ድረስ ገልብጦ የምንጭ ስም ብቻ ማግኘት እንዳሰለቸው ለአሳታሚው ጻፈ። በኋላ ማስታወሻዎቹ ወደ ግርጌ መጡ።

«ዝኒ ከማሁ»ንም ተጠንቀቁ። «ከላይ ያለው ያው ምንጭ» ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ አንድ አንቀጽ ቆርጣችሁ መሀል ስትለጥፉ ግን «ከላይ ያለው» ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። ማንም አያስጠነቅቃችሁም። የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያ በ2017 እ.ኤ.አ. እትሙ በምትኩ አጠር ያለ ማጣቀሻ መጻፍን የመረጠው ያለ ነገር አይደለም።

የእኛ የታሪክ ሰዎች የራሳችን ጣጣም አለ። የማጣቀሻ ሶፍትዌር የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉትን ታደሰ ታምራትን «ታምራት» እያሉ መጥቀስ መጽሐፉን ለአባታቸው መስጠት ነው። ዓመቱም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የገብረ ሥላሴን መጽሐፍ «1959» ብሎ ዝም ማለት እትሙን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ብራና ላይ ደግሞ የሚቆጠረው ገጽ ሳይሆን ቅጠል ነው፤ ፊትና ጀርባውም ተለይቶ ይጻፋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መነሣት ከጀመሩት የኢኤምኤምኤል (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት) ማይክሮፊልሞች፣ ማለትም በፊልም ላይ አሳንሰው ከተነሡ የብራና ቅጂዎች ላይ ከሠራህ፣ የምትጠቅሰው ማይክሮፊልሙን ነው። ብራናው ያለበት ገዳም ድረስ የሄድክ አታስመስል።