«ቋሚ» የቅንድብ ቀለም ምን ያህል ይቆያል?

ጎንደር ውስጥ «ቋሚ ሜካፕ» ሲባል የሰማ ሰው እንደ አያቶቻችን የአንገት ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ይመስለዋል። በመርፌ ቆዳ ውስጥ የሚገባው የቅንድብ ቀለም ግን ሳይጠልቅ ስለሚቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ይደበዝዛል፤ የደጋው ፀሐይ ደግሞ ያፈጥነዋል። መርፌው ከጠለቀ ቀለሙ ቆዳ ውስጥ ይፈስና ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ያደላል። ያኔ መፍትሔው ሌዘር ነው፤ ውድም አሳማሚም።

በመጀመሪያው ሳምንት በጣም ቢጠቁር አይደንግጡ፣ ቅርፊቱ ሲረግፍ ይሳሳል። በጥፍር ከነቀሉት ግን ቀለሙም አብሮ ይወጣና ቅንድቡ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። የጎደለውን የሚሞላው ማስተካከያ የሚሠራው ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው።

የመርፌው ማሸጊያ እርስዎ እያዩ ይከፈት። ሌላ ሰው ላይ የዋለን መርፌ በአልኮል መጥረግ (ብዙ ቦታ የሚሰማ ማመካኛ ነው) ሄፓታይተስ ቢን አያስቀርም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ እስኪወልዱ ይቆዩ፤ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ደግሞ አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።