«ድሮ ገንዘብ አልነበረም» እና ስለ ሱቅ ለልጆች የምንነግራቸው ሌሎች ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። «ሱቅ ድሮና ዘንድሮ» የሚለው ትምህርት በደረሰ ቁጥር ከወላጆችም ከእኛ ከመምህራኑም አፍ የማይጠፉ ነገሮች አሉ።

«ድሮ ገንዘብ አልነበረም፤ ሰው እህል በፍየል ይለውጥ ነበር።»

እቃ በእቃ መለወጥ ነበር። ጎንደር ግን የነጋዴ ከተማ ናት። ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር፤ ለትልቁ ግብይት ደግሞ ማርትሬዛ የሚባለው የብር ሳንቲም ነበር። አሞሌው ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ዘንድሮ አንድ ቁራጭ ጨው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣልኩላቸው። ትንሽ ቆይታ አንዷ፣ «ቲቸር፣ ዝናብ ከመታቸው ብራቸው ይሟሟል ማለት ነው?» አለች። የብረት ገንዘብ ለነጋዴ የሚመችበትን አንዱን ምክንያት እሷው አገኘችው።

«የፒያሳ ሱቆች የነገሥታቱ ዘመን ናቸው።»

ለግንቡ ስለሚቀርቡ ይመስለኛል። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ የፒያሳ የቆዩ ሕንጻዎች ግን በብዛት ጣሊያን ጎንደርን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ለልጆች ቁጥሩን አታሸምድዷቸው። «አያትህ ሳይወለዱ»፣ «አያትህ እንዳንተ ትንሽ ሳሉ» ይበቃል።

«ኪሎ ሲመጣ ጣሳ ቀረ፤ ሱፐርማርኬት ሲመጣ ጉልት ይቀራል።»

ይቺ ታናድደኛለች፤ ልጁን በዓይኑ የሚያየውን ታስክደዋለች። ልጆቹን ይዛችሁ ቅዳሜ ገበያ ውረዱ። አንዱ ጋ በርበሬ በኪሎ ይመዘናል። እዚያው አጠገብ ጉልት የተቀመጡ እናት ሽንኩርቱን በመደብ ከምረው ይሸጣሉ፤ ከፍለን ስንነሣ አንድ ራስ ምርቃት ጣል ያደርጉልናል። በ2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብርም እዚያው ሰፈር አለ። የሰፈሩ ባለሱቅ ስልኩን እያየ ክፍያ ያረጋግጣል፣ የዱቤ ደብተሩ ግን ከመሳቢያው አልወጣም። በእውነት የቀረው በአሞሌና በማርትሬዛ መገበያየት ነው። ስለዚህ የሱቅን ታሪክ እንደ ደረጃ አትሣሉላቸው፤ «ምን ተጨመረ? ምን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

«ሱቅ ሱቅ መጫወት ጊዜ ማባከን ነው።»

እንዲያውም ሚዛን ለምን እንዳስፈለገ እንደዚህ ጨዋታ አድርጎ የሚያስተምር አላየሁም። ሁለት ልጆች ሽንብራ ይሽጡ፤ አንዱ በትልቅ ጣሳ፣ ሌላዋ በትንሽ፣ ሁለቱም «አንድ ጣሳ 5 ብር» እያሉ። ከትንሹ የገዛው ሳይውል ሳያድር ይጮሃል። ጩኸቱ ሲደምቅ ሚዛኑን አውጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ሽንብራው ጥሬ ይሁን እንጂ፤ ቆሎ ከሆነ ሚዛኑ ሳይወጣ ሱቁ ባዶ ይሆናል፣ ደርሶብኛል።